ከካኑላ እስከ ፖርት፦ በደም ሥር ስለሚገቡ የሕክምና መሣሪያዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም እጁ ላይ ካኑላ ተደርጎለት ያውቃል። አንገት፣ ክንድ ወይም ደረት ላይ የሚገባ ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲታዘዝ ግን ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ጥያቄውም ይበዛል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የካንሰር ሕክምና፣ የኩላሊት እጥበት ወይም ለሳምንታት የሚዘልቅ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ለሚከታተሉ ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። በመልሶቹ ሁሉ ውስጥ የሚመላለስ አንድ ሐሳብ አለ፤ ደም ሥር ሲጎዳ በቀላሉ የማይመለስ ሀብት ስለሆነ፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልግ መነጋገር የሚገባው ሕክምናው ሲጀመር ነው።

መድኃኒቱን በአፍ መውሰድ እየተቻለ በደም ሥር መስጠት ለምን ያስፈልጋል?

በአፍ መውሰድ የሚቻል ከሆነ በአፍ መውሰድ ይመረጣል፤ ይህንንም ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒቱ በጨጓራና በአንጀት በኩል በበቂ መጠን የማይደርስ ሲሆን፣ ሕመምተኛው መዋጥ ሲያቅተው ወይም ሲያስመልሰው፣ ደም ወይም ብዙ ፈሳሽ ቶሎ መተካት ሲያስፈልግ፣ እንዲሁም መድኃኒቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን መጀመር ሲኖርበት ነው።

እጅ ላይ የሚደረገው ካኑላና ሌሎቹ ካቴተሮች በምን ይለያያሉ?

ዋናው ልዩነት ጫፋቸው የሚያርፍበት ቦታና የሚቆዩበት ጊዜ ነው። ካኑላ እጅ ወይም ክንድ ላይ ባለ ትንሽ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ መርፌው ለማስገቢያ ብቻ ያገለግልና ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ሕሙማን እንደሚፈሩት እጃቸው ውስጥ መርፌ ተቀምጦ አይቆይም። የካኑላው መጠን በቀለሙ ይታወቃል፤ ቢጫው ቁጥር 24፣ ሰማያዊው 22፣ ሮዙ 20፣ አረንጓዴው 18፣ ግራጫው 16፣ ብርቱካናማው 14 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቱቦው ይሰፋል። ለሕፃናት ብዙውን ጊዜ ቢጫው ሲበቃ፣ ብዙ ደም ለፈሰሰው የአደጋ ተጎጂ ግን ግራጫው ወይም ብርቱካናማው ይመረጣል። አጭርና ሰፊ ቱቦ ከረጅምና ቀጭን ቱቦ ይልቅ ፈሳሽ በፍጥነት ስለሚያሳልፍ፣ ደም በሚፈስበት አጣዳፊ ሰዓት ክንድ ላይ የገባ ሰፊ ካኑላ ውስጥ ድረስ ከዘለቀ ቀጭን ካቴተር የተሻለ ያገለግላል።

ሚድላይን የሚባለው ከካኑላ ይረዝማል፤ የላይኛው ክንድ ላይ ገብቶ ጫፉ ብብት አካባቢ ያበቃል፣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ለሚቆይ ሕክምናም ይሆናል። ፒክ ላይን የሚገባው በዚያው በክንድ በኩል ነው፤ ጫፉ ግን ወደ ልብ በሚመለሰው ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ያርፋል፣ ለሳምንታትና ለወራትም ይቆያል። በአንገት፣ ከአጥንተ አንገት ሥር ወይም በብሽሽት በቀጥታ የሚገባው ካቴተር በአብዛኛው በጽኑ ሕሙማን ክፍልና በቀዶ ሕክምና ወቅት ለቀናት የሚያገለግል ነው። ሂክማን የሚባለውና መሰሎቹ ደም ሥር ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ከቆዳ በታች የተወሰነ ርቀት ስለሚጓዙና ቱቧቸው ላይ ባለው ለስላሳ ማሰሪያ ዙሪያ ሥጋ ስለሚያድግ ለረጅም ጊዜ ይጸናሉ፤ ተሕዋስያንም በቀላሉ አያልፏቸውም። ፖርት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ በታች የሚቀበር ትንሽ ክብ ዕቃ ነው፤ ከላይ ሲዳሰስ እንደ እብጠት ይታወቃል እንጂ ከሰውነት ውጭ የሚንጠለጠል ነገር የለውም፣ ለዓመታትም ሊያገለግል ይችላል።

ለእኔ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ በምን ይወሰናል?

ሐኪሙ የሚያየው ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ መድኃኒቱ የደም ሥርን ግድግዳ የሚያቃጥል መሆን አለመሆኑን፣ የደም ሥሮችዎን ሁኔታና የኩላሊትዎን ጤንነት ነው። ሙሉ ምግብ በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ፣ የደም ግፊትን የሚደግፉ እንደ ኖርአድሬናሊን ያሉ መድኃኒቶች ለቀናት የሚቀጥሉ ከሆነ፣ ወይም ቆዳን የሚያቆስል የካንሰር መድኃኒት ለሰዓታት የሚንጠባጠብ ከሆነ ጫፉ ትልቁ ደም ሥር ውስጥ የሚያርፍ ካቴተር ያስፈልጋል። ምክንያቱም እጅ ላይ ባለው ቀጭን ደም ሥር የሚያልፈው ደም ጥቂት ሲሆን፣ ወደ ልብ በሚገባው ትልቅ ደም ሥር ግን በደቂቃ 2 ሊትር ገደማ ስለሚፈስ መድኃኒቱ እንደገባ ይቀጥናል።

ከዚህ ጎን ለጎን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ይኸውም ቤትዎ የት እንደሆነና ማን እንደሚረዳዎት ነው። ፒክ ላይን በየሳምንቱ መጸዳትና ፕላስተሩ መቀየር ስላለበት፣ በአቅራቢያው ይህን የሚሠራ ጤና ተቋም ለሌለውና ከሩቅ ገጠር ለሚመላለስ ሰው ችግር ሊሆን ይችላል፤ ፖርት ግን በማይሠራበት ጊዜ በየቀኑ እንክብካቤ አይፈልግም። የሚኖሩበትን ቦታና የመንገዱን ርቀት ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም እርስዎ ይንገሩት።

የካቴተሩ ጫፍ ልብ አጠገብ መድረሱ አደገኛ አይደለም ወይ?

ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጫፉ የሚያርፈው ትልቁ ደም ሥር ከልብ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ካቴተር እስከ ልብ ድረስ በሰላም ሊደርስ እንደሚችል በጀርመን ኤበርስቫልደ ከተማ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ሐኪም ቬርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1929 በራሱ ላይ አሳይቷል፤ ለሽንት ቧንቧ የሚያገለግል ቀጭን ካቴተር በክንዱ ደም ሥር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብቶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ጫፉ ልቡ ውስጥ መድረሱን በፎቶ አስመዘገበ። ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዛሬ ማንም እንዲህ ራሱን አደጋ ላይ መጣል አያስፈልገውም፤ የጫፉ ቦታ በራጅ ወይም በልብ ምት ምልክት ይረጋገጣል። ከአጣዳፊ ሁኔታ በስተቀር፣ ይህ ሳይረጋገጥ መድኃኒት እንዳይሰጥ መጠየቅ መብትዎ ነው።

በሚገባበት ጊዜ ምን ይደረጋል? ያማል?

ቆዳው በማደንዘዣ መርፌ ስለሚደነዝዝ የመርፌው ውጋትና በኋላ የሚሰማው ግፊት ካልሆነ በቀር ብዙ ሕመም አይኖረውም፤ ፖርት ግን ትንሽ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ለጥቂት ቀናት ቦታው ያማል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊድናዊው የራጅ ሐኪም ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር ባሳወቀው ዘዴ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በመጀመሪያ መርፌ ደም ሥሩ ውስጥ ይገባል፣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይተላለፋል፣ መርፌው ይወጣል፣ ካቴተሩም በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ከገባ በኋላ ሽቦው ይመዘዛል። አልትራሳውንድ እያዩ ማስገባት ደም ቅዳን (ደም ከልብ የሚያወጣውን ሥር) በስሕተት ከመውጋትና ሳንባን ከመንካት በእጅጉ ስለሚያድን፣ መሣሪያው ባለበት ሁሉ ሊሠራበት ይገባል።

ነርሶች ሁልጊዜ ደም ሥሬን ያጡታል፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ከመምጣትዎ በፊት ያልተከለከለ ፈሳሽ ይጠጡ፣ እጅዎን ያሙቁ፣ ለጥቂት ደቂቃም ወደ ታች አንጠልጥለው ይቆዩ። ቀደም ሲል የተሳካበትን ቦታ ለነርሷ ያሳዩ። ከዚያ በኋላ ግን ልኩን ማወቅ ይገባል፤ አንድ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት የተሻለ ልምድ ላለው ወይም አልትራሳውንድ ለሚጠቀም ባልደረባው እንዲያስተላልፍ ይመከራል። በሁለቱም እጆች ላይ እስኪበልዝ ድረስ መወጋት ለቀጣዩ ሕክምና የሚያስፈልጉትን ደም ሥሮች ያጠፋል። ሕይወትን ለማዳን ደቂቃ በማይገኝበት ጊዜ፣ በተለይም በሕፃናት፣ ከጉልበት በታች ባለው አጥንት ውስጥ መርፌ አስገብቶ ፈሳሽ መስጠት ይቻላል፤ ይህን ያየ ወላጅ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

ኬሞቴራፒ ልጀምር ነው፤ ፖርት የግድ ነው?

የግድ አይደለም። በአገራችን በሴቶች ዘንድ ከሁሉ በብዛት የሚታየውን የጡት ካንሰር ብንወስድ፣ ብዙ ታካሚዎች በየ3 ሳምንቱ የሚሰጣቸውን መድኃኒት በካኑላ ተቀብለው ይጨርሳሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው እንደ ቀዩ ዶክሶሩቢሲንና እንደ ቪንክሪስቲን ያሉት ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሱ ሥጋን የሚያቆስሉ መድኃኒቶች ሲሰጡ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በካኑላ የሚሰጥ ከሆነ ካኑላው በዚያው ዕለት የተደረገ፣ ደም የሚመልስና ከመታጠፊያዎች የራቀ መሆን አለበት፤ ነርሷም አጠገብዎ ሆና ትከታተል። የማቃጠል፣ የመውጋት ወይም የማበጥ ስሜት እንደተሰማዎት ሳያፍሩና ሳይታገሡ ይናገሩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ቻይነት ይጎዳል፤ ሲፈስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የቆመ መድኃኒት የሚያደርሰው ጉዳትና ሙሉው ጠርሙስ እስኪያልቅ የተታገሡት ጉዳት አይወዳደሩም። የብብት ዕጢዎቻቸው በቀዶ ሕክምና የወጡላቸው ሴቶች በዚያ በኩል ባለው ክንድ ላይ ካኑላ እንዳይደረግ አስቀድመው ያሳስቡ። ሕክምናው ለወራት የሚዘልቅ ከሆነ፣ ደም ሥሮቹም እየጠፉ ከሆነ፣ ፖርት ወይም ፒክ ላይን እንዲታሰብልዎ ይጠይቁ።

የኩላሊት ሕመም አለብኝ፤ ለእኔ የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይም አጥብቀን የምናሳስበው ይህን ነው። የኩላሊት እጥበት በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ደም ከሰውነት አውጥቶ መመለስን ይጠይቃል፤ ይህን ያህል ደም በተራ ካኑላ አይገኝም። ለረጅም ጊዜ ከሁሉ የሚመረጠው መንገድ ክንድ ላይ ደም ቅዳን ከደም መልስ ጋር በቀዶ ሕክምና በማገናኘት የሚሠራው ፊስቱላ ነው። ይህ ፊስቱላ በወሊድ ምክንያት ከሚመጣው ጉዳት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሐኪሞቹ ብሬሺያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ኒው ዮርክ ውስጥ ካስተዋወቁት ወዲህ እስከ ዛሬ ከካቴተር ይልቅ ኢንፌክሽኑ ያነሰ፣ ዕድሜውም የረዘመ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን ደም ሥሩ እስኪሰፋና እስኪጠነክር ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ሕመሙ ዘግይቶ ሲታወቅ ደግሞ ሕመምተኛው ወዲያው እጥበት ስለሚያስፈልገው በአንገት ወይም በብሽሽት ካቴተር ይጀምራል፤ ጊዜያዊ ተብሎ የገባው ካቴተርም ሳይታሰብ ለወራት ይቆያል።

ስለዚህ ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ሰው፣ እጥበት ገና ባይጀምርም፣ የማይጽፍበትን ክንድ ደም ሥሮች ከአሁኑ ይጠብቅ። ደም ሲቀዳና ካኑላ ሲደረግ የእጅ መዳፍ ጀርባ ይመረጥ፤ ፒክ ላይን ግን ክንድ ውስጥ ያሉትን ደም ሥሮች ሊያጠብና ሊዘጋ ስለሚችል የኩላሊት ሐኪም ሳይማከር አይደረግ። ፊስቱላ ከተሠራ በኋላ በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ጠባብ ሰዓት ወይም አምባር አይታሰርም፣ ተንተርሶም አይተኛም። በየማለዳው ጣትዎን በላዩ አድርገው ንዝረቱን ይዳስሱ፤ ንዝረቱ ከጠፋ ወይም ከደከመ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ። የእጥበት ካቴተር ያለው ሰው ደግሞ ለሌላ ሕመም ወደ ድንገተኛ ክፍል በሚሄድበት ጊዜ፣ ካቴተሩ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚቀመጥ ብዙ ሄፓሪን ሊኖር ስለሚችል በዚያ ቱቦ ተራ መድኃኒት እንዳይሰጠው አስታማሚው ይናገርለት።

ኢንፌክሽንን የሚከላከለው ምንድን ነው?

በአመዛኙ ንጹሕ እጅ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከ100 በላይ በሚሆኑ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት አምስት ቀላል ነገሮችን ብቻ አጥብቆ በማስፈጸም በካቴተር ምክንያት የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን በከፍተኛ ደረጃ መቀነሱን አሳይቷል፤ እጅን መታጠብ፣ ሲገባ ሙሉ ጋውን፣ ጓንት፣ ጭምብልና ሰፊ መሸፈኛ መጠቀም፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ በተቻለ መጠን ብሽሽትን አለመምረጥ፣ የማያስፈልግ ካቴተርን ማውጣት። ከእነዚህ አንዳቸውም ውድ ማሽን አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ የበጀት ማነስ ለዚህ ምክንያት ተደርጎ ሲቀርብ ልንቀበለው የሚገባ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ነጥብ በተለይ የሕመምተኛውን ድምፅ ይፈልጋል። መድኃኒት ቀርቶ ካኑላው ብቻ «ለማንኛውም» ተብሎ ሲቀመጥ ሐኪሙ በዙር ሲመጣ «ይህ ዛሬም ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካኑላ ቀደም ሲል በየ72 እስከ 96 ሰዓቱ ይቀየር ነበር፤ አሁን ብዙ መመሪያዎች የመቅላት፣ የሕመም ወይም የማበጥ ምልክት ሲታይ መቀየርን ይፈቅዳሉ። ይህ ግን የሚያዋጣው ቦታው በየፈረቃው በትክክል በሚታይበት ክፍል ነው፤ ነርስ በምታንስበት ክፍል በቀን ገደብ መቀየሩን እንመርጣለን። እንዲሁም ማንኛውም ሰው መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የቱቦውን መግቢያ በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ቢያንስ ለ5፣ ቢቻል ለ15 ሰከንድ እያሸ ማጽዳትና እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት።

ቤት ውስጥ እንዴት ልንከባከበው? ጠበልስ መጠመቅ እችላለሁ?

የሚታየው ስስ ፕላስተር በየ7 ቀኑ፣ ጎዝ ከሆነ በየ2 ቀኑ ይቀየራል፤ ከረጠበ፣ ከቆሸሸ ወይም ጠርዙ ከተነሣ ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ያኔውኑ ይቀየር። ቅቤ፣ ቡና፣ ማርም ሆነ ቅጠል በቦታው ላይ አይደረግ። ቱቦውን ማጠቢያው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው፤ አነስተኛው ሲሪንጅ የሚፈጥረው ግፊት ስለሚበረታ ቱቦውን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ አልሄድ ካለም በጉልበት አይገፋም።

አንገት ላይ ካቴተር ያለባቸው ምእመናን ማተባቸው ፕላስተሩን እየፈተገ እንደሚያነሣው ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ ማተቡን ወደ እጅ ማዛወር ይቻላል። ከሰውነት ውጭ የሚወጣ ቱቦ ያለው ሰው ውኃ ውስጥ አይነከር፤ ጠበል መጠመቅም ፕላስተሩን ስለሚያረጥብ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ለካህኑ ሁኔታውን አስረድቶ ቱቦው በሌለበት የሰውነት ክፍል ላይ መረጨት ወይም መጠጣት ይቻላል፤ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው ግን የሚጠጣው ፈሳሽ የተወሰነ ስለሆነ ጠበሉም ከዚያው ልክ ይቆጠር። ፖርት ያለው ሰው ቁስሉ ከዳነና መርፌ ካልተሰካበት እንደ ልቡ ይታጠባል። ፒክ ላይን ያለበት ክንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አያነሣም፤ ሕፃን የሚያዝሉ እናቶችም የአንቀልባው ማሰሪያ ፖርቱን ወይም ቱቦውን እንዳይጫነው ይጠንቀቁ።

ውጭ አገር ታክሜ ፖርት ይዤ ተመልሻለሁ፤ ምን ላድርግ?

ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ሄደው የታከሙና ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል የሚመጡ ወገኖች ይህን ይጠይቃሉ። የፖርቱን መታወቂያ ካርድ ይያዙ። ፖርት የሚወጋው ሁበር በሚባለው ልዩ መርፌ ብቻ ነው፤ ተራ መርፌ የላይኛውን ሲሊኮን እየቦረቦረ ያበላሸዋል። መርፌው በሁሉም ጤና ተቋም ላይገኝ ስለሚችል ጥቂት ይዘው ይምጡ። ፖርቱ በማይሠራበት ጊዜም እንዳይዘጋ በየጊዜው መታጠብ አለበት፤ ብዙ ቦታ በየ4 ሳምንቱ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ይቆያል፤ የእርስዎን ልክ ካስገባው ሐኪም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሳልዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ በተለይም ቱቦው ከታጠበ ወይም እጥበት ከተጀመረ በኋላ ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጠዎት፤ ቦታው ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ካመመ፤ ክንድ፣ አንገት ወይም ፊት ካበጠ፤ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ። ትኩሳት ያለው የኬሞቴራፒ ታካሚ እስኪነጋ አይጠብቅ።

ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ከተቆረጠ ከስንጥቁ በላይ፣ ወደ ሰውነት በሚቀርበው በኩል፣ መቆንጠጫውን ይዝጉ፤ መቆንጠጫ ከሌለም ቱቦውን አጥፈው አጥብቀው ይያዙ። ተመዞ ከወጣ ሕመምተኛውን አስተኝተው ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑ። ቱቦው ክፍት ሆኖ ሳለ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው አየር ወደ ደም ሥር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቱቦውን ዘግተው በግራ ጎኑ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው ያስተኙትና ወዲያው እርዳታ ይጥሩ።

ካቴተሩ ሲወጣ ምን ይደረጋል?

ፒክ ላይንና የአንገት ካቴተር በባለሙያ እጅ በደቂቃ ይወጣሉ፤ ሂክማንና ፖርት ግን ማደንዘዣና ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃሉ። የአንገት ካቴተር ሲወጣ ሕመምተኛው ተጋድሞ፣ በሚመዘዝበት ቅጽበት ትንፋሹን ይይዛል፤ ቦታው ደሙ እስኪቆም ድረስ ተጭኖ ይያዛል፣ ከዚያም አየር በማያስገባ ፕላስተር ይሸፈናል። ወዲያው ተነሥቶ ከመሄድ ይልቅ ለ30 ደቂቃ ያህል ተጋድሞ መቆየት፣ ፕላስተሩንም ቢያንስ ለ24 ሰዓት አለማንሣት ያስፈልጋል።